ወደ ላይ የሚወጡት ጥርሶች፦ በሰርኩላር መጋዝ በቁመት ስለ መሰንጠቅ

አዘጋጇ፦ ጤና ይስጥልን አድማጮቻችን። ዛሬም ከደብረ ብርሃን ነን። ጋሼ፣ ጣውላን በቁመቱ መሰንጠቅ በአግድሙ ከመቁረጥ ይበልጥ እንደሚያስፈራዎት ነግረውኝ ነበር፤ ምክንያቱ ምንድን ነው?

አናጢው፦ በቁመቱ ሲሰነጠቅ እንጨቱ በዲስኩ፣ ማለትም በሚዞረው ባለ ጥርስ ምላጭ፣ እና ጠርዙን ተደግፎ በሚሄድበት የመምሪያ ብረት መካከል ረጅም መንገድ ይሄዳል። የፊተኞቹ ጥርሶች ወደ ታች እየወረዱ ስለሚቆርጡ ጣውላውን ገበታው ላይ ይጫኑታል፤ የኋለኞቹ ግን ወደ ላይ እየወጡ ናቸውና እንጨቱ ጠመም ብሎ ከነካቸው አንስተው ወደ ሠራተኛው ይወረውሩታል። በደቂቃ 2850 ጊዜ የሚዞር ባለ 30 ሴንቲ ሜትር ዲስክ ጥርሱ በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበራል።

አዘጋጇ፦ በእርስዎ ደርሶብዎት ያውቃል?

አናጢው፦ በወጣትነቴ፣ ተቀጥሬ ስሠራ፣ ከርጥብ ባሕር ዛፍ ሞራሌ እያወጣሁ ነበር። ባሕር ዛፍ ሲያድግ በውስጡ ውጥረት ይይዛል፤ ሲሰነጠቅ አንዳንዱ እንደ መቀስ ይከፈታል፣ አንዳንዱ ተመልሶ ይገጥምና ዲስኩን ቆንጥጦ ይይዛል። የእኔው ገጠመ። ሞራሌው በጎኔ አልፎ የቆርቆሮውን ግድግዳ በሳው። ከዲስኩ መስመር ወጣ ብዬ መቆሜ ነው ያተረፈኝ።

አዘጋጇ፦ ታዲያ እንዳይገጥም ምን ይደረጋል?

አናጢው፦ ከዲስኩ በስተኋላ የሚቆም ቢላ መሳይ ብረት አለ፤ ስንጥቁን ከፍቶ ይይዛል። ውፍረቱ ከዲስኩ አካል በልጦ ጥርሱ ከሚከፍተው ማነስ አለበት፤ አካሉ 2.2፣ ስንጥቁ 3.2 ሚሊ ሜትር ከሆነ 2.5 ይስማማዋል። ብዙ ሰው «ሥራ ያጓትታል» ብሎ ፈትቶ ይጥለዋል፤ ይህ ያናድደኛል። ስንጥቁ መግጠም ከጀመረ ግን ሞተሩን አጥፍቶ፣ ዲስኩ እስኪቆም ጠብቆ፣ ሽብልቅ መክተት ይገባል።

አዘጋጇ፦ ልክ ስለ መሳሳትስ? አንዱ ጫፍ ሰፍቶ ሌላው ይጠብባል ብለው የሚያማርሩ አሉ።

አናጢው፦ ልኩን የሚያበላሸውም ሰውን የሚመታውም ያው የመምሪያው መጣመም ነው። ሶኬቱን ነቅለሽ አንድ ጥርስ በጠመኔ ምልክት አድርጊበት፤ ጥርሱን ወደ ፊት አምጥተሽ እስከ መምሪያው ለኪ፣ ከዚያ ዲስኩን በእጅሽ አዙረሽ ያንኑ ጥርስ በስተኋላ ለኪ። ኋላው በፀጉር ያህል እንኳ መጥበብ የለበትም። መምሪያውን የሚነካውም ጠርዝ አስቀድሞ በመላጊያ የቀና ይሁን፤ የጎበጠ ጠርዝ እየተወዛወዘ ነው የሚሄደው። ደግሞም ባለ 20 ሴንቲ ሜትር ጣውላ አራት ባለ 5 አይወጣውም፤ ሦስቱ ስንጥቆች ወደ 1 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ሰጋቱራ ያደርጉታል።

አዘጋጇ፦ በእኛ ብርድ ጠዋት ጓንት ማድረግ፣ ፎጣ አንገት ላይ መጠምጠም የተለመደ ነው።

አናጢው፦ ብርዱን እሳት ሞቀው ይምጡ እንጂ ወደ ዲስኩ ከጓንትና ከፎጣ ጋር አይቅረቡ፤ ጥርሱ ጨርቁን ከያዘ እጅን አብሮ ይስባል። ቀጭን ሲሰነጠቅ እጅ በመግፊያ እንጨት ይተካ፤ የሚገፋውም በዲስኩና በመምሪያው መካከል ያለው ክፍል ነው፣ ዲስኩን እስኪያልፍም አይለቀቅም።

አዘጋጇ፦ መሐል ላይ መብራት ቢጠፋስ?

አናጢው፦ ከሁሉ አስቀድሞ ማብሪያው ይጠፋል። የብዙ ቤት ማሽን ተራ ማብሪያ ስላለው መብራት ሲመለስ ራሱ ይነሳል፤ እንጨቱ በዲስኩ ላይ እንዳለ ከተነሳ ደግሞ ያ ሞራሌ ያደረገውን ያደርጋል። ስለዚህ በእኔ ቤት መብራት ሲጠፋ ሶኬቱ ተነቅሎ ገመዱ በገበታው ላይ፣ ሁሉም በሚያየው ቦታ፣ ሳይጋደም ማንም ለቡና አይወጣም።