ከሙሽሮቹ ጀርባ ያለው ግድግዳ፦ በጎንደር የፎቶግራፍ ባለሙያዎች ዓመታዊ ጉባኤ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ፊልም እያጠባችሁ ይህን ሙያ ያወረሳችሁን አባቶቻችን፣ ከደባርቅ፣ ከቆላድባ፣ ከአይከልና ከአዘዞ የመጣችሁ ባልደረቦቼ፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የተገኛችሁ እንግዶቻችን፤ እንኳን በደኅና መጣችሁ።

እንግዶቻችን ጉባኤውን በጾም ወቅት መጥራታችን ሳያስገርማቸው አልቀረም። ምክንያቱ የእንጀራ ነው፤ በዓቢይ ጾም 55 ቀናት ሠርግ የለም። ዘንድሮ ረመዳኑም አብሮ ስለገባ የጎንደር ፎቶ አንሺ ልጆቹን በቀን ብርሃን ለማየት በቅቷል። በጥር ወር ይህን ጉባኤ ብንጠራ ኖሮ አዳራሹ ውስጥ የምንገኘው እኔና ጸሐፊያችን ብቻ ነበርን፤ እሱም ቢሆን ስልኩ ከጮኸ ይሄዳል።

ስለ ሙያችን ሁኔታ አጠር አድርጌ ልናገር። ለብዙ ፎቶ ቤት የቤት ኪራዩን ይከፍል የነበረው ጉርድ ፎቶግራፍ ነው። ለትምህርት ቤት ምዝገባ፣ ለመታወቂያ፣ ለመንጃ ፈቃድ፣ ለሥራ ማመልከቻ ሰው ሁሉ ጉርድ ይፈልግ ነበር። አሁን ፓስፖርት ሰጪውም፣ የፋይዳ መዝጋቢውም ባለጉዳዩን ፊት ለፊት አስቀምጦ በራሱ ካሜራ ያነሳዋል። በዚህ ማንንም አልወቅስም፤ ዘመኑ ያመጣው ነው። የዕቃው ዋጋ ግን ሌላ ጣጣ ነው። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ሌንስና ፍላሽ አይቀመስም። የካሜራችን ሻተር፣ ማለትም ብርሃን ለማስገባት የሚከፈትና የሚዘጋው መጋረጃ፣ ደግሞ ዕድሜው የተቆጠረ ነው፤ አምራቾቹ እንደ ካሜራው ዓይነት 100,000 ወይም 200,000 ጊዜ ያህል እንዲሠራ ያሰሉታል። በአንድ ሠርግ 2,000 ጊዜ የሚተኩስ ሰው በ50 ሠርግ 100,000 ይሞላል። ዋጋ ስትተምኑ ነዳጅና ምሳ ብቻ አትቁጠሩ የምለው ለዚህ ነው። የቱሪስቱ መቀነስ ያደረሰብንን ሁላችሁም ስለምታውቁት አልደግመውም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልግባ። ሙሽሮችን ፋሲል ግቢ ወስደን ስናነሳ የምንሠራውን አስቡት። ሙሽሪት ነጭ ጥበብ ለብሳ በቀትር ፀሐይ ትቆማለች። ካሜራው በነጩ ተታሎ ብርሃን ይቀንሳል፤ ፊቷ ይጠቁራል። ለፊቷ ብለን ብርሃን ብንጨምር ደግሞ የቀሚሷ ፈትል ይጠፋና ጥለቱ ብቻውን ይቀራል። እናቷ ወራት የጠበቁለትን ሽመና ማጥፋት የሚያስከትለውን ወቀሳ የቀመሰ ያውቀዋል። ስለዚህ ከግንቡ ጥላ ሥር እናስገባታለን፤ ረዳታችን ነጭ ሰሌዳ ይዞ ከፀሐዩ በኩል ብርሃን ወደ ፊቷ ይመልስላታል። የሙሽራው አጎት ከወዲያ ሆነው፣ «ምን ያንቀረፍፋችኋል? ምሳው ቀዘቀዘ እኮ!» ይላሉ። እኛም «አንድ ብቻ፣ አንድ ብቻ» እያልን ሠላሳ እናነሳለን።

ጥላው የሚገኘው ግድግዳው ሥር በመሆኑ ሙሽሮቹ ድንጋዩን ሊነኩ ትንሽ ሲቀራቸው ይቆማሉ። ግድግዳውም ከእነርሱ ጋር፣ ድንጋዩ ከነኖራው፣ ስንጥቁ ከነበቀለበት ሣር ተለይቶ ይነሳል። የዛሬው ንግግሬ ጉዳይ ይኸው ግድግዳ ነው።

የቤተ መንግሥቱ ግቢ በቅርቡ እድሳት ተደርጎለታል። እድሳቱን የወደደውም ያልወደደውም በየቡና ቤቱ ይከራከራል፤ እኔ ዛሬ ወደዚያ ክርክር አልገባም። ነገር ግን የግድግዳው መልክ ተለውጧል፤ ከእድሳቱ በፊት የነበረው መልክ ያለው በእኛ ፎቶግራፎች ውስጥ ነው። ሲለወጥ የመጀመሪያው አይደለም። አፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 ጎንደርን መናገሻቸው ካደረጉ በኋላ ግቢው ብዙ አይቷል። የአፄ ኢያሱ ቤተ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1704 በመሬት መንቀጥቀጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1941 ደግሞ በእንግሊዝ አውሮፕላኖች ድብደባ ተጎድቷል። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን በሲሚንቶ ጠገኑት፤ በኋላ የመጡ ባለሙያዎች ሲሚንቶውን እያነሱ በኖራ ተኩት። እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። በእነዚህ ሁሉ ጊዜያት ለመጠገን የመጣ ባለሙያ መጀመሪያ የሚጠይቀው፣ «የቀድሞው ፎቶግራፍ አለ?» ብሎ ነው።

አለ እንዴ? ስለ አገራችን ከተነሱት ቀደምት ፎቶግራፎች መካከል በ1860 ዓ.ም. ከናፒየር ጦር ጋር ወደ መቅደላ የዘመቱ የእንግሊዝ መሐንዲስ ወታደሮች ያነሷቸው ይገኙበታል። ሊወጉን መጥተው ያነሱት ፎቶግራፍ ተመዝግቦ፣ አልበም ተሠርቶለት እስከ ዛሬ በየቤተ መዛግብቱ ተቀምጧል። እኛ በገዛ ከተማችን ያነሳነው የአምና ሠርግ የት አለ? ከካሜራው እንደወጣ ያልተነካ አንድ ፋይል 25 እና 30 ሜጋባይት ነው፤ 2,000 ፎቶግራፍ 50 ጊጋባይት ያልፋል። ሃርድ ዲስኩ ይሞላል። አልበሙን ደንበኛው ከተረከበ በኋላ ለመጪው ሠርግ ቦታ እንዲገኝ ይደመሰሳል። የቀረውም ቢሆን አንድ ቀን ሃርድ ዲስኩ ቋ ቋ ማለት ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ።

የሥራ አመራር ኮሚቴው ያቀረበው ሐሳብ ሁሉንም እናስቀምጥ የሚል አይደለም፤ አቅሙም የለንም። ከእያንዳንዱ ሥራ ግንብ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ መንገድ፣ የፒያሳ አሮጌ ሕንፃ ከጀርባ የሚታይባቸውን ሃያ ያህል ፎቶግራፎች መርጣችሁ ቅጂ ስጡን። ቀኑ፣ ቦታው፣ ወደ የትኛው አቅጣጫ እንደተነሳ ይጻፍበት። ማኅበሩ በሁለት ሃርድ ዲስክ፣ በሁለት የተለያዩ ቤቶች ያስቀምጠዋል። ዋናው ፋይል የአንሺው ሆኖ ይቀራል።

አባቶቻችን ዘንድ ያሉት ኔጋቲቮች ግን እንቅልፍ ይነሱኛል። በካርቶን ተጭነው ወጥ ቤት አጠገብ የተቀመጡ እንዳሉ አውቃለሁ። እባካችሁ ከሙቀትና ከእርጥበት አርቃችሁ በወረቀት ኤንቨሎፕ ለዩዋቸው። ውድ ማሽን አያስፈልግም፤ ከኋላ ብርሃን ሰጥቶ በዲጂታል ካሜራ ማንሳት ይቻላል። ወጣት አባሎቻችን ለዚህ ሥራ ፈቃደኛ ሆነዋል፤ ቤት ድረስ ይመጣሉ፤ ቡና ማፍላት የእናንተ ድርሻ ነው።

ይህን ስናደርግ ሕጉን መርሳት አይገባንም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለፎቶግራፍ ሥራ ጥበቃ የሚሰጠው ከተሠራበት ጊዜ ጀምሮ ለ25 ዓመት ነው። በትእዛዝ የተሠራ ሥራ ደግሞ ሌላ ስምምነት ከሌለ መብቱ የአዛዡ ነው። በመጨባበጥ ብቻ ቀብድ የምትቀበሉ ሰዎች፣ ይህን ስትሰሙ ወንበራችሁ ይቆርቁራችሁ። በሌላ በኩል የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰው ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይለጠፍና እንዳይሸጥ ይከለክላል። የሱቃችን መስኮት ላይ ለዓመታት የምትስቅልን ሙሽራ ተጠይቃለች? በሕዝብ ፊት የሚከናወን በዓልን በተመለከተ ቀጣዩ አንቀጽ ልዩ ሁኔታ ስላስቀመጠ ጥምቀትን ለማንሳት እያንዳንዱን ምእመን ማስፈረም አያስፈልገንም። ለሠርጉ ግን ያስፈልገናል። ስለዚህ የውል ረቂቅ አዘጋጅተናል፤ አንድ ገጽ ነው። ቀብዱን፣ የማስረከቢያውን ቀን፣ የቅጂ መብቱን፣ ከዚያም ሃያዎቹ ፎቶግራፎች በማኅበሩ መዝገብ እንዲቀመጡ ደንበኛው መስማማቱን ይይዛል።

ስለ ጥምቀት ካነሳሁ አይቀር፣ አንድ አባላችን በፋሲል መዋኛ ያነሳውን ፎቶግራፍ አንድ የጉዞ ድርጅት ሳይጠይቅ ለማስታወቂያ ተጠቅሞበታል። ሲጠየቅም «ከኢንተርኔት ነው ያገኘነው» የሚል መልስ ሰጥቷል። ከተራ ምሽት ወርዶ፣ ሌሊቱን በብርድ ቆሞ፣ ውኃው ተባርኮ ወጣቶቹ ከአጥሩ ላይ ሲዘሉ ካሜራውን በላስቲክ ጠቅልሎ ያነሳው ሰው ስሙ እንኳ አልተጻፈም። በዓሉ በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ ከተመዘገበ ወዲህ ፎቶግራፉ ይበልጥ ይፈለጋል፤ ያልተነካው ፋይል በእጁ ያለ ሰው ደግሞ «የእኔ ነው» ብሎ ማስረዳት ይችላል። በዚያው ቀን ታቦት ሲያልፍ መንገድ ዘግታችሁ የምታነሱ ጥቂቶችም አላችሁ። ካህናቱ ቅር ተሰኝተዋል፤ እኔም ቅር ተሰኝቻለሁ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ውስጥ ፍላሽ የሚያበራ አባል ካለም ኮሚቴው ሊያነጋግረው ይፈልጋል።

የውሉ ረቂቅ በር ላይ ካለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ ከምሳ በኋላ አንቀጽ በአንቀጽ እንወያይበትና ድምፅ እንሰጥበታለን። ሃርድ ዲስክ ይዛችሁ የመጣችሁ እዚያው አስመዝግቡ። ገንዘብ ያዣችን የሂሳብ ሪፖርቱን እንዲያቀርቡ እየጋበዝሁ፣ ጉባኤው መከፈቱን አበስራለሁ።