ቬስታ፦ የተሰበረች ፕላኔት ወይስ ያላለቀች?

ክቡራትና ክቡራን፣ ውድ የሰማይ ወዳጆች፣ እንደምን አመሻችሁ!

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንዲት አስትሮይድ ነው። ስሟ ቬስታ ነው። በማርስና በጁፒተር መካከል ባለው ቀበቶ ውስጥ ፀሐይን ከሚዞሩት አካላት በክብደት ከሴሬስ ቀጥላ ሁለተኛ ናት። አስትሮይድ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚመጣብን ምድርን ሊመታ የሚንደረደር ድንጋይ ነው። ቬስታ ግን ከቀበቶዋ አትወጣም፤ በእሷ በኩል እንቅልፋችሁን ተኙ።

የተገኘችበት ታሪክ ደስ ይላል። ሃይንሪሽ ኦልበርስ በጀርመን አገር፣ ብሬመን ከተማ የሚኖር ሐኪም ነበር። ቀን በሽተኛ ያያል፤ ማታ የቤቱ ፎቅ ላይ ወጥቶ በቴሌስኮፕ ሰማይ ያያል። በፈረንጆቹ 1801 ሴሬስ፣ በ1802 ፓላስ፣ በ1804 ጁኖ ተገኝተው ነበር። ፓላስን ያገኛት ራሱ ኦልበርስ ነው። እነዚህ ትንንሽ አካላት ከፀሐይ በተቀራራቢ ርቀት መዞራቸው ገረመው። «እዚያ ቦታ ድሮ አንዲት ፕላኔት ነበረች፤ ተሰባበረች፤ እነዚህ ስብርባሪዎቿ ናቸው» የሚል ሐሳብ አመጣ።

ሐሳቡ ልክ ከሆነ፣ ስብርባሪዎቹ ሁሉ ፕላኔቷ በተሰበረችበት ቦታ ደጋግመው ማለፍ አለባቸው። እንግዲህ መላውን ሰማይ መበርበር ለምን ያስፈልጋል? መንገዶቻቸው የሚገናኙበትን ቦታ መጠበቅ ይበቃል። አንዱ ቦታ ሰንቡላ በተባለው ኅብረ ከዋክብት ውስጥ ነበር። ኦልበርስ እዚያ አድፍጦ ጠበቀ። ማርች 29 ቀን 1807 ማታ አዲስ ደማቅ ነጥብ አየ። ቬስታ ነበረች። ስም የማውጣቱን ክብር ለሒሳብ ሊቁ ለካርል ፍሪድሪሽ ጋውስ ሰጠው፤ ጋውስም በሮማውያን የምድጃ አምላክ ስም ጠራት። ከዚያ በኋላ እስከ 1845 ድረስ ሌላ አስትሮይድ አልተገኘም።

አሁን የቀበቶው ድንጋይ ሁሉ ቢጠራቀም ከጨረቃችን ክብደት 3 በመቶ ገደማ ብቻ እንደሚሆን እናውቃለን። ከዚህ የምትወጣ ትልቅ ፕላኔት የለችም። ኦልበርስ በተሳሳተ ካርታ ተመርቶ ትክክለኛው ቤት ደረሰ ማለት ነው።

ቬስታ በአማካይ 525 ኪሎ ሜትር ስፋት አላት። ሙሉ ክብ አይደለችም፤ ከላይና ከታች ጠፍጠፍ ያለች ናት። በራሷ ዙሪያ በ5 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ትሽከረከራለች። ፀሐይን ለመዞር 3 ዓመት ተኩል አልፎ ይወስድባታል። የሚደርስባትን ብርሃን 40 በመቶ ያህል መልሳ ታንጸባርቃለች፤ ጨረቃ እንኳን ከዚህ በጣም ያነሰ ነው የምታንጸባርቀው። ከአስትሮይዶች ሁሉ ደምቃ የምትታየው ለዚህ ነው።

ቀርበን ያየናት በናሳዋ መንኮራኩር በዶውን ነው። ዶውን ከጁላይ 2011 እስከ ሴፕቴምበር 2012 ዞረቻት። ደቡብ ዋልታዋ ላይ ሬያሲልቪያ የሚባል ጉድጓድ አለ። ስፋቱ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ልብ በሉ፣ የቬስታን የራሷን ስፋት ሊያክል ምንም አልቀረውም! መሀሉ ላይ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ተራራ ቆሟል። አራት ራስ ዳሽን ብትደራርቡ አይደርስበትም። በወገቧ ዙሪያ ደግሞ ረጃጅም ሸለቆዎች ተቀድደዋል። ጉድጓዱን የፈጠረው ግጭት መላ አካላቷን አናግቷታል፤ አለመበተኗ ነው የሚደንቀው።

ከግጭቱ የተፈናጠረው ድንጋይ የት ሄደ? ብዙው እስከ ዛሬ ቬስታ አጠገብ ይዞራል። ግን ከፀሐይ አንድ የተወሰነ ርቀት ላይ አደገኛ ቦታ አለ። እዚያ ያለ ድንጋይ ሦስቴ ሲዞር ጁፒተር ልክ አንዴ ይዞራል። የጁፒተር ስበት እየደጋገመ ይጎትተውና መንገዱን ያስተዋል። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ወደ እኛ ይመጣሉ። በ1931 ቱኒዝያ ውስጥ ታታዊን አካባቢ የወደቀው ሜትሮራይት አረንጓዴ ስብርባሪ ነበር፤ ምንጩም ቬስታ እንደሆነች ይታመናል። ሌሎቹ ደግሞ ባዛልት ናቸው፤ ከእሳተ ገሞራ የሚወጣው ያው ጥቁር ድንጋይ። በ1970 ተመራማሪዎች ከቬስታ የሚመጣውን ብርሃን ከእነዚህ ድንጋዮች ጋር አስተያይተው መመሳሰሉን አገኙ። ጨረቃ ድረስ ሰው ልከን ድንጋይ አመጣን፤ የቬስታ ግን በነጻ ቤታችን ድረስ መጣልን።

ባዛልት አለ ማለት ቬስታ አንድ ጊዜ ቀልጣለች ማለት ነው። ያቀለጣት በዋናነት አሉሚኒየም 26 የተባለው ሬዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር ነው። ብረቱ ወደ መሀል ሰመጠ፤ ቀላሉ ላይ ቀረ። ስለዚህ ለዓመታት «ፕላኔት ልትሆን ጀምራ የቀረች ናት» ስንል ኖርን።

በ2025 ግን የናሳ ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው የዶውንን መረጃ እንደገና አሰሉት። ውስጧ እንደታሰበው በግልጽ የተነባበረ አይመስልም፤ ትልቅ የብረት እምብርት ላይኖራት ይችላል። ሁለት ማብራሪያ ቀረበ። አንደኛው፣ መቅለጥ ጀምራ ሳትጨርስ ቀዘቀዘች የሚል ነው። ሁለተኛው፣ በማደግ ላይ ከነበረች ትልቅ ፕላኔት በግጭት የተገነጠለች ናት ይላል። ኦልበርስ ይህን ቢሰማ «አላልኳችሁም?» ማለቱ አይቀርም ነበር።

እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ። ምክንያቴ እነዚያው ሜትሮራይቶች ናቸው። ከብረት ጋር መዋሃድ የሚወዱ ንጥረ ነገሮች በውስጣቸው እጅግ ጥቂት ናቸው። ብረቱ አንድ ቦታ ሰምጦ ይዟቸው ሄዷል። ቬስታ ውስጥ ከሌለ፣ ከየት ላይ ነው የተገነጠለችው? ክርክሩ ግን ገና አላለቀም።

ለማየት የምትፈልጉ ካላችሁ፣ በየ17 ወሩ ገደማ ፀሐይና ቬስታ በእኛ ግራና ቀኝ ፊት ለፊት ይሆናሉ። ያኔ ተራ ባይኖክላር ይበቃል፤ ጥሩ ጨለማ ካለና ዕድል ከቀናችሁ በዓይንም ትታያለች። አካባቢዋን ያሉትን ከዋክብት ወረቀት ላይ ንደፉ። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ማታ ተመልሳችሁ እዩ። ቦታ ቀይራ የምታገኟት ነጥብ እሷ ናት።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያላችሁ፣ በደስታ እቀበላለሁ።