ቲኬቱን ከፍዬ ተገላገልኩ ያላችሁ ስሙኝ

እንደምን አመሻችሁ። ቡናው ገና እየተቆላ ነው፤ እስኪፈላ ተናግሬ ልቀመጥ።

ብዙዎቻችን ቨርጂኒያ ስንመጣ ቶሎ የጨበጥነው የመኪና መሪ ነው። ኡበር፣ ታክሲ፣ ሹትል፣ ቀጥሎ ሲዲኤል፣ ማለት የትልልቅ መኪና የንግድ መንጃ ፈቃድ። ታዲያ ሥራ ስንጠይቅ ቀጣሪው ለኢንተርቪው የለበስነውን ኮት አይደለም የሚያየው። ከዲኤምቪ፣ ከስቴቱ የመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤት፣ የሚወጣውን የመንዳት ሪከርድ ነው፤ ኤም ቪ አር ይሉታል። መንጃ ፈቃዳችሁ ይሠራል ወይስ ታግዷል፣ ምን እንድትነዱ ይፈቅዳል፣ በመነጽር ብቻ ንዱ ተብላችኋል ወይ፣ ምን ተፈርዶባችኋል፣ ስንት የጥፋት ነጥብ (ፖይንት) አላችሁ፣ ጠጥታችሁ ነድታችኋል ወይ፣ እንደ ስቴቱ አደጋም ሳይቀር ይታያል። የፓርኪንግ ቅጣት አብዛኛውን ጊዜ የለበትም። አዲስ አበባ ትራፊክ ፖሊስ የጻፈባችሁም የለም፣ እሱን እዚያው ጥላችሁት መጥታችኋል።

ዋሽንግተን ዲሲ ስንገባ የመንገድ ካሜራ አንስቶን የሚመጣውን ቅጣት ሰው ሁሉ ይፈራል። እሱ ለመኪናው ባለቤት ነው የሚላከው፣ ፖይንት የለውም። ኪስ ያራቁታል እንጂ ሪከርድ አይነካም። የሚነካው ፖሊስ አስቁሞ የጻፈላችሁ ነው፤ ያንን ሶፋ ላይ ቁጭ ብላችሁ በስልክ ስትከፍሉ «ጥፋተኛ ነኝ» ብላችሁ ፈረማችሁ ማለት ነው፣ ፍርድ ሆኖ ይመዘገባል።

እኔ የባሰ ነገር ነው የሠራሁት። 55 ማይል በሚባል መንገድ 78 ስነዳ ተያዝኩ። ጠበቃ ለምን ላውጣ ብዬ ፍርድ ቤት ብቻዬን ሄድኩ፣ አዎ አጥፍቻለሁ አልኩ፣ ከፈልኩ፣ ወጣሁ። እንዲያውም በርካሽ አለፍኩ ብዬ ለባለቤቴ ደወልኩላት! ለካ ቨርጂኒያ ውስጥ ከተፈቀደው በ20 ማይል ካለፋችሁ ወይም ከ85 ማይል በላይ ከነዳችሁ ሬክለስ ድራይቪንግ፣ በግዴለሽነት መንዳት ነው። ቲኬት ሳይሆን ወንጀል ነው፣ እስከ 12 ወር እስርና እስከ 2,500 ዶላር ቅጣት አለው። ዲኤምቪ ላይ 11 ዓመት ይቆያል። ከ4 ዓመት በኋላ ጥሩ የሚከፍል ሥራ ሳመለክት፣ ሰውዬው ወረቀቱን አየና ፈገግታው ጠፋ። ለሥራ ተብሎ የሚወጣው የቨርጂኒያ ሪከርድ 7 ዓመት ወደኋላ ስለሚያሳይ የእኔው ቁጭ ብሎ ይታያል።

ሲዲኤል ላላችሁ ደግሞ ሌላም አለ። የትራክ ድርጅት ላለፉት 3 ዓመታት መንጃ ፈቃድ ከያዛችሁበት ስቴት ሁሉ ሪከርድ ማስወጣት ግዴታው ነው። ስቴት ቀይሬ አመልጣለሁ የሚል ካለ ይተወው። ፒ ኤስ ፒ የሚባለው የፌዴራል ሪፖርት ደግሞ የ5 ዓመት አደጋና የ3 ዓመት የመንገድ ፍተሻ ያሳያል፤ አደጋው የእናንተ ጥፋት ባይሆንም ይጻፋል። ከ2020 ጀምሮ የአደንዛዥ ዕፅና የአልኮል ምርመራ ውጤት የሚያዝበት ክሊሪንግሃውስም አለ፣ ቀጣሪው እንዲያየው እሺ ካላላችሁ አያስነዷችሁም። ኮርስ ወስጄ ጥፋቴን አስፍቃለሁ ማለትም ለሲዲኤል አይሠራም፣ በግል መኪናችሁ ያጠፋችሁት ቢሆን እንኳ።

አሁን ስለ ስማችን። የእኛ ሰው ስሙ ይመሳሰላል፣ የትውልድ ቀናችን ደግሞ ወረቀት ላይ ጃንዋሪ 1 የሆነ ስንቶቻችን ነን (አትሳቁ፣ እኔም አንዱ ነኝ)። ስለዚህ የሌላ ሰው ጉድ በስማችን ሊመጣ ይችላል። ቀጣሪው በባክግራውንድ ቼክ ድርጅት በኩል የሚያጣራ ከሆነ አስቀድሞ ነግሯችሁ በጽሑፍ ልትፈቅዱለት ይገባል። በሪፖርቱ ምክንያት ሊከለክላችሁ ካሰበ ከመወሰኑ በፊት ኮፒውን ይስጣችሁ። በኢንተርኔት ወይም በስልክ ብቻ ያመለከተ የትራክ ሹፌር ላይ ይለያል፤ ለእሱ ከከለከሉት በኋላ በ3 የሥራ ቀን ውስጥ ያሳውቁታል። ስህተት ካያችሁ ዝም አትበሉ፣ ሪፖርቱን ላወጣው ድርጅት ጻፉ፤ አብዛኛውን ጊዜ በ30 ቀን ውስጥ የማጣራት ግዴታ አለበት። «ሌላ ሥራ አላጣም» ብላችሁ ብትተዉት የሚቀጥለውም ቀጣሪ ያንኑ ነው የሚያየው።

እና ከእነሱ በፊት እናንተ እዩት። የዲኤምቪውን ኦንላይን ታወጣላችሁ፣ ፒ ኤስ ፒው 10 ዶላር ነው። ላፕቶፕ ይዤ መጥቻለሁ፣ በሩ ጋ ያለው ጠረጴዛ ላይ ነኝ። መንጃ ፈቃዳችሁን ይዛችሁ ኑ።