በር ላይ ያደባሁ ቀን

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። ስላሳፈረችኝ አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ላወራችሁ ነው።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ስብሰባ ላይ ነበር። እንዳልረብሸው ብዬ በሩ ላይ ድምፄን አጥፍቼ ጠበቅኩት። ሲቆይብኝ ሄድኩና በእንግሊዝኛ መልእክት ጻፍኩለት። ዝም ብሎ፣ ሳይታዩ መቆየት የሚል ቃል ከመዝገበ ቃላት ፈልጌ «ለርክ» የምትል አገኘሁ። አጭር ናት፣ ወደድኳት። «በርህ ላይ ለርክ እያደረግኩ ነበር» አልኩት።

መልሱ የሳቅ ምልክትና አንድ ጥያቄ ነበር፦ «ልፍራህ እንዴ?»

ለካ እኔ ያልኩት «በርህ ላይ አድብቼብህ ነበር» ነው! በሰው በር ላይ ለርክ የሚያደርገው ክፉ ያሰበ ሰው ነው። ዛሬ ኢንተርኔት ቃሏን ትንሽ አለስልሷታል። ቡድን ውስጥ ገብቶ እያነበበ አንድም ቃል የማይጽፈውን ሰው «ለርከር» ይሉታል። እኔ ሦስት ቡድን ውስጥ እንደዚያ ነኝ፣ ማንም አልፈራኝም። በር ላይ ሲሆን ግን ሌላ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደ «ለርክ» ያሉ ግሶችን መሰብሰብ ያዝኩ። መዝገበ ቃላቱ ብዙዎቹን «ድምፅ አጥፍቶ መሄድ» ብሎ ይገላገላል። ግን አንዱ ከሌላው በጣም ይለያል። «ፕራውል» የራበው አውሬ አካሄድ ነው። ወዲያ ወዲህ ይላል፣ የሚበላውን ገና አላገኘም። «ስቶክ» የሚያደርገው ግን አግኝቷል፤ ዓይኑን ጥሎበት በዝግታ እየተከተለው ነው። ሰውን እየተከታተሉ ማስጨነቅ በብዙ አገር ሕግ ወንጀል ሲሆን በእንግሊዝኛ መጠሪያው ከዚሁ ቃል የመጣው ለዚህ ይመስለኛል። «ስሊንክ» ደግሞ ያሳዝነኛል። ጥንት በደረታቸው ለሚሳቡ ፍጥረታት የሚባል ነበር። ዛሬ ተቆጥተውት ጅራቱን ሸጉጦ ከክፍሉ የሚወጣ ውሻ ይታየኛል።

«ስከልክ» ከስካንዲኔቪያ ቋንቋዎች የመጣ ነው ይባላል። የስዊድኑ ዘመዱ ዛሬም ከትምህርት ቤት መቅረት ማለት ነው። እንግሊዝኛውም ያው ነው፤ ከፍርሃት ወይም ሥራን ከመሸሽ የመጣ መደበቅ። የቀበሮ መንጋ በድሮ የአዳኞች አጠራር «ስከልክ» ይባላል። ቀበሮዎቹ ቢሰሙ ምን ይሉ ይሆን?

«ስኒክ»ን ግን፣ ሹልክ ማለትን፣ እወዳታለሁ። ድሮ ያለፈው ጊዜዋ «ስኒክድ» ብቻ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ «ስነክ» የሚል ብቅ አለ። ብዙውን ጊዜ የእንግሊዝኛ ግስ ከተጣመመው ወደ ቀናው፣ ላለፈ ጊዜ መጨረሻው ላይ «ድ» ብቻ ወደሚጨምረው፣ ነው የሚሄደው። ይቺ ግን ቀና የነበረችው ጠመመች፣ ያውም ሹልክ ብላ። የጎማ ሶል ያለው ጫማ «ስኒከር» የተባለውም ኮቴው ስለማይሰማ ነው።

እኛስ? እኛም አናንስም። ማድባት፣ ማድፈጥ፣ መሸመቅ አለን፤ ሦስቱም ለጠብ የተቀመጠ ሰው ግሶች ናቸው። ለአካሄድ ሲሆን ግን ድምፅ የመሰለ ነገር እናመጣና «አለ» እንጨምርበታለን። ሹልክ አለ። ላጥ አለ። እብስ አለ። በእነዚህ ውስጥ ወቀሳው ያን ያህል አይደለም፤ «ላጥ አለ» ስንል እንዲያውም ሳቅ አለበት። ግን ያችኑ «ሹልክ»ን ደጋግሟት። «ምን ይሹለከለካል?» ሰውየው ወዲያው ተጠርጣሪ ሆነ! አንዴ ቢሾልክ ሰው ነው፤ ሲመላለስበት ሌባ መሰለ።

እና አንድ ነገር አስተዋልኩ። «እየተሹለከለክኩ ነው» የሚል ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አልሰማሁም። «ስከልክ እያደረግኩ ነው» የሚል እንግሊዝም፣ ለቀልድ ካልሆነ፣ ያለ አይመስለኝም። እነዚህ ግሶች የተደበቀው ሰው አይደሉም፣ ያየው ሰው ናቸው። ሰው ለራሱ የሚመርጠው «ቲፕቶ» ነው፣ በእግር ጣት መራመድ። ሕፃን እንዳይነቃ የሚወጣ አባትም፣ ከመሳቢያ ብር የሚወስድ ልጅም እግራቸው አንድ ዓይነት ነው የሚያርፈው። በመስኮት ያያቸው ጎረቤት ነው ለአንዱ «ቲፕቶ»፣ ለሌላው «ስኒክ» የሚሰጠው።

ደግነቱ እኔ «ኢቭስድሮፕ» አላልኩም። ያ የሰውን ወሬ ተደብቆ ማዳመጥ ነው። መነሻው ከጣራ ጠርዝ የሚንጠባጠብ ውሃ ነው። ግድግዳው ሥር ቆሞ የሚያዳምጥ ሰው ጠብታው የሚያርፍበት ቦታ ላይ ነዋ የሚቆመው። ለጆሮው ብሎ ትከሻውን ያስመታል።

በቀደም ያው ባልደረባዬ እንደገና ስብሰባ ላይ ነበር። እኔም እንደገና በሩ ላይ ቆምኩ። ስልኬን አውጥቼ መጻፍ ጀመርኩ፣ አጠፋሁ፣ ሌላ ግስ ሞከርኩ፣ አጠፋሁ። መጨረሻ ላይ አንኳኳሁ።