የአስማተኛው ኢንተለጀንስ ስንት ይሁን?

[ስክሪኑ ላይ፦ የገጸ ባህሪ ወረቀት፣ ኢንተለጀንስ 16 የሚለው ተከቦ]

ዱንጀንስ ኤንድ ድራገንስ በሚባለው፣ ዳይስ እየጣሉ ታሪክ በሚጫወቱበት ጨዋታ ላይ አስማተኛ የሚፈጥር ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው ኢንተለጀንሱ፣ ማለትም የአእምሮ ችሎታ ነጥቡ፣ ስንት መሆን እንዳለበት ነው። መልሱን የሚወስነው የምትመርጡት ድግምት ነው። የምንጠቀመው በ2014 (እ.ኤ.አ.) የወጣውን የአምስተኛው እትም ሕግ ነው።

ነጥቡ የሚሰጠውን ጭማሪ ለማግኘት ከነጥቡ 10 ቀንሱ፣ ለ2 አካፍሉ፣ ግማሽ ከተረፈ ወደ ታች ጣሉት። 16 ጭማሪው 3 ነው። 17ም ያው 3! ጎዶሎ ቁጥር ላይ መቆም ብዙ ጀማሪዎች ነጥብ የሚያባክኑበት ቦታ ነው።

ዲሲ የሚባለው ደግሞ 8 ሲደመር ፕሮፊሸንሲ (ከሌቭል ጋር የሚያድግ የልምድ ጭማሪ) ሲደመር ያ ጭማሪ ነው። ጠላት ባለ 20 ፊቱን ዳይስ ጥሎ፣ የራሱን ሴቭ (የመቋቋሚያ ጭማሪ) ደምሮ እዚያ ከደረሰ ድግምቱን ተቋቋመ ማለት ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ጭማሪ 5 በመቶ ዕድል ነው።

[ስክሪኑ ላይ፦ ጉም የወረደበት የጣርማበር ዋሻ አፍ]

አሁን ጨዋታውን ጣርማበር ላይ እናድርገው። አንድ የሽፍታ አለቃ ከተከታዮቹ ጋር ከደብረ ሲና የሚወጣውን መንገድ ዘግቷል። አስማተኛችን ሌቭል 5 ነው፤ ፕሮፊሸንሲው 3። ኢንተለጀንሱ 16 ከሆነ ዲሲው 14፣ 18 ከሆነ 15።

ፋየርቦል የሚባለውን የእሳት ድግምት ይወርውር። ጉዳቱ በአማካይ 28 ነው፤ የተቋቋመው ግማሹን፣ 14 ይቀበላል። ተራ ሽፍታ ያለው 11 ሂት ፖይንት (የሕይወት ነጥብ) ነው፤ ስለዚህ ቢቋቋምም ባይቋቋምም አብዛኛውን ጊዜ ይወድቃል። አለቃው ፋየርቦልን የሚቋቋምበት የዴክስተሪቲ (የቅልጥፍና) ሴቩ 5 ስለሆነ በዲሲ 14 የሚደርስበት አማካይ ጉዳት 19.6፣ በዲሲ 15 ደግሞ 20.3 ነው። ሁለት የኢንተለጀንስ ነጥብ ያመጣው ልዩነት አንድ እንኳ አይሞላም።

ሰውን ባለበት የሚያደርቀው ሆልድ ፐርሰን ግን ሌላ ነው፤ የሚፈትነው የዊዝደም (የማስተዋል) ሴቭን ነው። እዚህ ግማሽ የሚባል ነገር የለም፤ ወይ ሽባ ይሆናል፣ ወይ ምንም አይሆንም። ድግምቱ ከያዘው፣ ጎራዴ የታጠቀው ጓደኛችሁ ከአጠገቡ ሆኖ ያገኘው ምት ሁሉ ክሪቲካል (የጉዳት ዳይሱ እጥፍ የሚሆንበት) ነው። አለቃው በየተራው መጨረሻ ሴቩን ይደግማል፤ ስለዚህ ዲሲው ደጋግሞ ይፈተናል። በዲሲ 14 የመያዝ ዕድሉ 55 በመቶ፣ እስከ ሁለተኛ ተራው ተይዞ የመቆየት ዕድሉ 30 በመቶ ገደማ ነው። በዲሲ 15 ደግሞ 60 እና 36 ይሆናል። ነጥቡ የሚከፍለው እዚህ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ፤ ከሁሉ የሚበልጠው ይሄ ነው። የአለቃው የዊዝደም ሴቭ 2 ብቻ ነው፣ የዴክስተሪቲው 5። ደካማ ጎኑን የሚፈትን ድግምት መምረጥ የ3 ጭማሪ ልዩነት አለው፤ ያንን በኢንተለጀንስ ለማግኘት ስድስት ነጥብ ያስፈልጋችሁ ነበር።

ገጸ ባህሪያችሁን ስትፈጥሩ ችሎታዎቹን የምትገዙበት 27 ነጥብ አላችሁ። ኢንተለጀንስ 15 ዘጠኝ ይበላል፣ ዴክስተሪቲ 14 እና ኮንስቲትዩሽን (የሰውነት ጽናት) 14 ሰባት ሰባት፣ በቀረው 4 ዊዝደምን 12 አድርጉት፤ ስትሬንግዝ (ጉልበት) እና ካሪዝማ (ግርማ ሞገስ) 8 ላይ ይቅሩ። ሃይ ኤልፍ ከሆናችሁ ዘሩ ኢንተለጀንሱን 16፣ ዴክስተሪቲውንም 16 ያደርገዋል። ኮንስቲትዩሽንን ግን አትንኩት። ጠላትን በሆልድ ፐርሰን ይዛችሁ ሳለ ከተመታችሁ 10 ወይም የጉዳቱን ግማሽ፣ ከሁለቱ የሚበልጠውን፣ በኮንስቲትዩሽን ሴቭ ካልደረሳችሁበት ድግምቱ ይጠፋል። ያኔ ኢንተለጀንስ 20 ቢሆንም አያድናችሁም።

በሦስተኛው እትም ጉዳዩ ከዚህ የከፋ ነበር፤ የአምስተኛ ደረጃ ድግምት ለመድገም ኢንተለጀንስ 15 ግድ ነበር። በአምስተኛው እትም እንዲህ ያለ አጥር የለም።

ኢንተለጀንሳችሁ 14 ላይ ከቀረ የምታዘጋጁት ድግምት ያንሳል፤ በሌቭል 5 ሰባት ነው፣ 18 ያለው ዘጠኝ ያዘጋጃል። ሰባቱን ማጂክ ሚሳይል፣ ሺልድ፣ ሚስቲ ስቴፕ (በቅጽበት ቦታ መቀየሪያ)፣ ሄስት (ማፍጠኛ) የመሳሰሉትን አድርጓቸው። ማጂክ ሚሳይል ያለ ምንም ዳይስ ፈተና ይመታል፣ ሺልድ መከላከያችሁን በ5 ያነሳል፣ ሌሎቹም ዲሲያችሁን አይጠይቁም።