ሁለቱ መቻሎች

እንደምን አመሻችሁ።

አብዛኞቻችሁ ከሥራ በቀጥታ እንደመጣችሁ አውቃለሁ። ታክሲ ተጋፍታችሁ፣ አንዳንዶቻችሁም ልጅ ለጎረቤት አደራ ሰጥታችሁ። ስለዚህ አላንዛዛም።

በአንድ ቃል ልጀምር። አማርኛችን «ቻለ» ይላል። ልጁ መኪና መንዳት ቻለ እንላለን። ሴትዮዋ ስንቱን ችላ ኖረች ብለንም እናዝናለን። የመጀመሪያው አቅም ነው፤ ሁለተኛው ዝም ብሎ መሸከም። ቃሉ ግን ያው ነው። ክፍል ገብቼ «ካሪየር አዳፕታቢሊቲ»፣ ማለትም በሥራ ሕይወት ራስን ከለውጥ ጋር የማስማማት አቅም፣ ስል ተማሪዎቼ ቶሎ ይሉኛል፦ «እህ! ቻይነት ማለት ነው?» አይደለም። የዛሬው ንግግሬ በሙሉ ስለዚህ «አይደለም» ነው።

ሐሳቡን በዋናነት ያራመደው ማርክ ሳቪካስ የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር ነው። ከእሱ በፊት ሲጠና የኖረው የሙያ ብስለት ነበር። ወጣቱ ሙያ ለመምረጥ በስሏል ወይስ ገና ጥሬ ነው? ፍሬ ግን የሚበስለው አንዴ ነው። በ40 ዓመቱ ሥራው የታጠፈበትን ሰው ምን እንበለው? ሳቪካስ እ.ኤ.አ. በ1997 «ብስለት» የሚለው ቀርቶ ራስን ከለውጥ ጋር የማስማማት አቅም ይተካው አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ ከባልደረባው ከኤሪክ ፖርፌሊ ጋር በ13 አገሮች የተሞከረ 24 ነጥቦች ያሉት መጠይቅ አወጡ። ከአፍሪካ የገባችው ደቡብ አፍሪካ ብቻ ናት። እኛ የለንበትም፤ ይሄ እንደ አስተማሪ ቅር ይለኛል።

መጠይቁ አራት ነገር ይለካል። ለነገ ታስባለህ? በሕይወትህ የምታዝዘው አንተ ነህ? ሌላ መንገድ ለማየት ትጓጓለህ? የጀመርከውን እወጣዋለሁ ትላለህ? ልብ በሉ፣ «ስንት ትሸከማለህ?» የሚል የለበትም።

የራሴን ልንገራችሁ። መጀመሪያ በተቀጠርኩበት መሥሪያ ቤት ሳለሁ አንድ ሌሊት ልጄ ሲያተኩሰው አደረ። ጠዋት አርፍጄ ገባሁ። አለቃዬ ክፉ ሰው አልነበሩም። «ቻል አድርጊው እንጂ የኔ ልጅ፣ የሁሉም ቤት ጣጣ ነው» አሉኝ። ቻልኩት። በዚያ ዓመት አንድም ቀን አልቀረሁም። ግን አንድም አዲስ ነገር አልተማርኩም። የዕድገት ማስታወቂያ ሲለጠፍ ቆሜ እንኳ አላነበብኩትም። በሳቪካስ አራት ጥያቄዎች ብለካ ኖሮ ወድቄ ነበር። በአለቃዬ ሚዛን ግን ጎበዝ ሠራተኛ ነበርኩ።

ሥራና ኑሮ የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው። ጄፍሪ ግሪንሃውስ እና ኒኮላስ ቢዩቴል የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1985 የሁለቱን ግጭት በሦስት ከፈሉት። አንዱ የጊዜ ነው፤ እሱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሌላው የጠባይ ነው፤ ቢሮ ሲያዝ የዋለ ሰው ቤትም ገብቶ እያዘዘ ያመሻል። እኔን የበላኝ ሦስተኛው ነው፣ የጫና ግጭት። ሰዓቱ ቢበቃም ጉልበቱ አይበቃም። ቢሮ ተቀምጬ ልቤ ቤት፣ ቤት ገብቼ ልቤ ቢሮ። ለነገ ማሰብም አዲስ ነገር መጓጓትም የሚሟጠጠው እዚያ ነው።

ከሳቪካስ የሚቀድመው የሥነ ልቦና ምሁር ዶናልድ ሱፐር እ.ኤ.አ. በ1980 አንድ ቀስተ ደመና ሣለ። የሰው ካሪየር ደመወዝ የሚያስገኝለት ሥራ ብቻ አይደለም ብሎ ልጅነትን፣ ተማሪነትን፣ ወላጅነትን፣ ቤት ማስተዳደርን ሳይቀር በቀለም ደረደረ። እኛ ይሄን በቋንቋችን ቀድመን ብለነዋል። እናቴ አንዲትን ጎረቤታችንን «ባለሙያ ናት» ስትል ዶሮ ወጧን እንጂ ዲግሪዋን ማለቷ አልነበረም። ችግሩ ሁለቱንም ሙያ የምንጠይቀው ከአንድ ሰው መሆኑ ነው።

ሕጉም ያው ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ አላት። አባት 3 ቀን። 3 ቀን ለገንፎውም አይበቃ! የእናትየው በዝቷል እያልኩ አይደለም። ግን አሠሪ ሲቀጥር ይሄን ሒሳብ በልቡ ይሠራል፤ አባትም ገና ከመጀመሪያው «ይሄ የእሷ ነው» ብሎ ይለምዳል።

ስለዚህ ሥልጠና ስትጠሩኝ የማነሳው አንድ ቅሬታ አለኝ። ኃላፊዎች «ሠራተኞቻችን ለውጥ እንዲለምዱ አስተምሪልን» ይሉኛል። ደስ ይለኛል፣ እመጣለሁ። ግን አንዳንዴ የሚፈልጉት ሁለተኛውን መቻል ነው። የሥራ መርሐ ግብር ከዋዜማው የሚለወጥበት ሰው ለነገ እንዴት ያስብ? ለፈቃድ አራት ፊርማ የሚለምን ሰው በሕይወቱ ላይ ምኑን ያዛል?

መጠይቁን ወደ አማርኛ መልሼ መግቢያው ላይ ያለው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጫለሁ። ስም አይጻፍበትም። ከ24ቱ በታች የራሴን 25ኛ ጨምሬበታለሁ፦ «ቤታችሁ ልጅ ሲታመም ከሥራ የሚቀረው ማን ነው?» ባልና ሚስት አብራችሁ የመጣችሁ፣ እባካችሁ ተራርቃችሁ ሙሉት።

አመሰግናለሁ።