አክሲዮኔን ለምን አልሸጥም?

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ፣ ከደብረ ብርሃን ነው የማናግራችሁ። ዛሬ ስለ ገንዘብ ላወራ ነው፤ ስለ ራሴ ጥቂት ገንዘብና ስለ አንድ ትልቅ ኩባንያ። የኢትዮ ቴሌኮም ባለአክሲዮን ነኝ። ሽያጩ ሲከፈት የተፈቀደውን ዝቅተኛ መጠን፣ 33 አክሲዮን፣ በ9,900 ብር ገዛሁ። ነገ ጥሩ ዋጋ የሚሰጥ ገዢ ቢመጣም አልሸጥም።

ነገሩን ላስታውሳችሁ። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ከኩባንያው ድርሻ 10 በመቶው፣ ማለትም 100 ሚሊዮን አክሲዮን፣ አንዱ በ300 ብር ለኢትዮጵያውያን ቀረበ። ግዢው የሚፈጸመው በኩባንያው የስልክ ገንዘብ አገልግሎት፣ በቴሌብር ነበር። የካቲት ላይ ሽያጩ ሲዘጋ የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን አክሲዮን ሆነ። «ሕዝቡ አላመነበትም» ያሉ ብዙ ናቸው። እኔ ደግሞ ዓይኔን የጣልሁት ሌላው ቁጥር ላይ ነው፤ የገዛው ሰው 47,377 ነው። ብታካፍሉት ለአንድ ሰው በአማካይ 226 አክሲዮን አካባቢ ይደርሳል፤ ለአንድ ሰው የተፈቀደው ጣሪያ ግን 3,333 ነበር። ስለዚህ በእኔ ግምት ድርሻው በጥቂት ባለጠጎች እጅ አልተከማቸም፤ መጠነኛ አቅም ያለን ሰዎች ተከፋፍለነዋል። አክሲዮን ሲባል በአብዛኛው የባንክና የኢንሹራንስ በሚታወቅበት አገር፣ አክሲዮን የሚገበያዩበት የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ እንኳ በዚያው ሽያጭ መሐል፣ በጥር 2017 ዓ.ም. በተከፈተበት ወቅት፣ ይህን ያህል ሰው መድፈሩ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ተስፋዬ በይበልጥ የተተከለው ቴሌብር ላይ ነው። አገልግሎቱ በግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ፣ በ2017 በጀት ዓመት መጨረሻ ተጠቃሚዎቹ ከ54 ሚሊዮን በልጠዋል። ቁጥሩ ግን ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ በመንዝ ከተማ፣ በመሐል ሜዳ ነው።

መሐል ሜዳ ባና የሚሸጡ አንዲት እናት አሉ። ባና ለማታውቁ፣ ከመንዝ በግ ጸጉር ተፈትሎ የሚሠራ ብርድ ልብስ ነው፤ የመንዝን ብርድ የሚችለው እሱ ነው። ቀድሞ አዲስ አበባ ያለ ሰው ባና ሲፈልግ ገንዘቡን የሚልክላቸው ወደ አገር ቤት በሚመጣ መንገደኛ እጅ ነበር። መንገደኛው እስኪገኝ ባናው ይቀመጣል፤ አንዳንዴም ገዢው ሐሳቡን ይለውጣል። ዛሬ ገንዘቡ ስልካቸው ላይ ሲገባ ባናውን ጠቅልለው አውቶቡስ ላይ ይጭኑታል። «ልጄ፣ ዱቤ የሚባል ነገር ከቤቴ ወጣልኝ» አሉኝ።

እኔን ከክፍያውም በላይ ደስ የሚያሰኘኝ ክፍያው ትቶት የሚያልፈው መዝገብ ነው። እኒህ እናት ብድር ቢያምራቸው መያዣ ይጠየቃሉ፤ ቤት ወይም መኪና። መኪና የላቸውም፣ ቤታቸውም ለመያዣ የሚሆን አይደለም። ሥራ ግን አላቸው። ለስንት ሰው እንደሸጡ፣ ሱፍ በስንት እንደገዙ፣ በየትኛው ወር ገበያ እንደሚደራ ሁሉንም ያውቁታል፤ ሒሳቡ የተጻፈው ግን በልባቸው ብቻ ነበር። በልብ የተጻፈ ሒሳብ ደግሞ አበዳሪ ፊት አይቆጠርም። ግብይታቸው በቴሌብር ማለፍ ሲጀምር ያ የዕድሜ ልክ ሥራ ለሌላ ሰው የሚታይ ታሪክ ይሆናል። በ2014 ዓ.ም. ከዳሸን ባንክ ጋር የተጀመሩት አገልግሎቶች መንገዱን ከፍተዋል፤ «መላ» ያለ መያዣ አነስተኛ ብድር ይሰጣል፣ «እንደኪሴ» የጎደለውን ሒሳብ ሞልቶ ይከፍላል፣ «ሳንዱቅ» ቁጠባ ነው። ብድሩ ገና ትንሽ ነው፤ ይህን አልክድም። የኩባንያው የወደፊት ሀብት ግን እዚህ ላይ ነው የተቀመጠው ብዬ አምናለሁ። የስልክ ጥሪ ገቢ ወሰን አለው፤ ሰው በቀን ምን ያህል ሊያወራ ይችላል? ባንክ ደጃፍ ረግጦ የማያውቅ ሠራተኛ ሕዝብ ግን በየወረዳው ሞልቷል።

አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። ስልክ ወደ አገራችን የገባው በ1880ዎቹ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው፤ ያኔ ሐረርን ከአዲስ አበባ ያገናኘው መስመር 477 ኪሎ ሜትር ነበር። ምኒልክ የተወለዱት እዚሁ ሰሜን ሸዋ፣ ከደብረ ብርሃን ብዙም በማይርቀው አንጎለላ ነው። ይህን ሳስብ ልቤ ይሞቃል፤ የዚያ ሥራ ወራሽ የሆነው ድርጅት ላይ ስሜ በባለቤትነት መጻፉ ያኮራኛል።

ወደ ገንዘቡ ልመለስ። የኩባንያው ገቢ በ2016 በጀት ዓመት 93.7 ቢሊዮን ብር ነበር፤ በ2017 ደግሞ 162 ቢሊዮን ደረሰ። ብር በመዳከሙና ኑሮ በመወደዱ ይህን ዕድገት እንዳለ መውሰድ አይገባም፤ የኔትወርክ መሣሪያም የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ ነው። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም በ2015 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል፣ የራሱን የስልክ ገንዘብ አገልግሎት ኤም-ፔሳንም ይዞ መጥቷል። ፉክክሩን አልፈራውም፤ እንዲያውም ደስ ይለኛል። ደንበኛ ሌላ በር ሲኖረው ኩባንያ እንቅልፍ አይወስደውም፣ ለባለአክሲዮንም ከዚህ የተሻለ ጠባቂ የለም።

«መንግሥት አብዛኛውን ድርሻ ይዞ የአንተ 33 አክሲዮን ምን ያመጣል?» የሚለኝ የሥራ ባልደረባ አለኝ። ድምፄ ብቻውን ወንዝ እንደማያሻግር አውቃለሁ። ቢሆንም ሕጉ ለትንሹም ባለአክሲዮን በጠቅላላ ጉባኤ የመገኘት፣ የመጠየቅና የትርፍ ድርሻውን የመቀበል መብት ይሰጠዋል። ቀድሞ ደንበኛ ብቻ ነበርሁ፤ ደንበኛ ያመለክታል፣ ባለቤት ግን ሒሳብ ይጠይቃል። ትርፍ ሲከፋፈል በደስታ እቀበላለሁ፤ ዋጋው አንድ ዓመት ቢቀንስም አልደነግጥም፣ የገዛሁት ለልጆቼ ነውና።

በጉባኤ ላይ ዕድል ባገኝ የማነሣቸውን ጥያቄዎች ከወዲሁ ጽፌአለሁ። የብድሩ መመለሻ ጊዜ በግ ከሚሸለትበት፣ ሱፉ ተፈትሎ ባናው ገበያ ከሚወጣበት ጊዜ ጋር እንዲስማማ ታስቦበታል ወይ? በመንዝ ገደላ ገደል ውስጥ ላሉት ቀበሌዎች የኔትወርኩ ማስፋፊያ ዕቅድ ምን ይላል? በየትንሿ ከተማ ለገበሬው ገንዘብ የሚመነዝረው የቴሌብር ወኪል የሚያገኘው ኮሚሽን ሱቁን ክፍት ለማድረግ ይበቃዋል? መልሱን ያገኘሁ ዕለት በዚሁ ዝግጅት አሰማችኋለሁ። እናንተም ባለአክሲዮን ከሆናችሁ ጥያቄያችሁን ላኩልኝ፤ ከእኔው ጋር አብሬ አቀርበዋለሁ። ደህና ሰንብቱ።